ከጎብዬ እስከ ጉለሌ፦ የመንግሥት የጤና ምርምር ተቋም አደረጃጀትና የመልስ መንገዱ

(ለማኅበሩ ዓመታዊ ስብሰባ የቀረበ ንግግር። የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)



የአንድ መሥሪያ ቤት አቋም አብዛኛውን ጊዜ የሚገለጸው በግድግዳ ላይ በሚሰቀለው የመዋቅር ሠንጠረዥ ነው። ከላይ ዋናው ዳይሬክተር፣ ከሥሩ ምክትሎቹ፣ ከእነርሱም በታች ልዩ ልዩ የሥራ ክፍሎች በሣጥን በሣጥን ተደርድረው፣ በመስመር ተያይዘው ይታያሉ። ይሁን እንጂ የቧንቧ መስመር ንድፍ የቀረበለት መሐንዲስ፣ ቧንቧው ከየት ወዴት እንደተዘረጋ ካየ በኋላ፣ ምን ያህል ውኃ በምን ያህል ጊዜ እንደሚያልፍበት መጠየቁ አይቀርም። የጤና ምርምር ተቋምም አደረጃጀት በዚሁ መንገድ ሊመረመር ይገባዋል። በመስመሮቹ ውስጥ የሚያልፈው መልእክት ነው፤ ከሥር ወደ ላይ ጥያቄ ይወጣል፣ ከላይ ወደ ሥር መልስ ይወርዳል። የዚህ ንግግር ዓላማም መልእክቱ ከአንዲት የቆላ ከተማ ተነሥቶ አዲስ አበባ እንዴት እንደሚደርስ፣ መልሱስ ወደዚያች ከተማ እንዴት እንደሚመለስ ማሳየት ነው።

ከተማዋ ጎብዬ ናት። ጎብዬ በራያ ቆቦ ወረዳ ውስጥ፣ ከወልድያ ወደ ቆቦ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ ትገኛለች። በስተምዕራብ ተራራው ይገተራል፤ በስተምሥራቅ የራያ ሜዳ እስከ ዞብል ተራሮች ግርጌ ይዘረጋል። በክረምት ከደጋው የሚወርደው ጎርፍ ሜዳውን ያጠጣል፤ ማሽላውም በዚሁ ጎርፍ ይበቅላል። መስከረም ጠብቶ ዝናቡ ሲያባራ ግን በወንዞቹ አሸዋ መካከል፣ በቦይ ዳርና በከብት ኮቴ ጉድጓድ ሳይቀር ተቋጥሮ የቀረው ውኃ የወባ ትንኝ መራቢያ ይሆናል። የወባው ወራትና የአዝመራው ወራት አንድ ላይ ይገጥማሉ። ገበሬው ማሽላውን ከወፍና ከዝንጀሮ ለመጠበቅ በማማ ላይ በሚያድርበት፣ ጉልበቱም እጅግ በሚፈለግበት ጊዜ ትኩሳቱ ይጥለዋል።

ለዚህ ሜዳ የጤና ምርምር እንግዳ ነገር አይደለም። በ1950ዎቹ አጋማሽ በኢትዮጵያ ከተቋቋሙት የወባ መቆጣጠሪያ የሙከራ ሥራዎች አንዱ፣ ከደምቢያ፣ ከአዋሽ ሸለቆና ከጋምቤላ ጋር፣ የቆቦና የጨርጨር የሙከራ ፕሮጀክት ነበር። ሊታወቅ የተፈለገው ዲ.ዲ.ቲ. በቤት ግድግዳ ላይ ቢረጭ ወባን ለመግታት ይቻል እንደሆነ ነው። ሙከራው በተካሄደ በጥቂት ዓመት ውስጥ፣ በ1958፣ ወባ ከወትሮው ከፍታ አልፎ ወደ ወይና ደጋው በመውጣት ታላቅ ወረርሽኝ ሆነ። ጉዳዩን ያጠኑት ሊቃውንት በወቅቱ እንደገመቱት ሦስት ሚሊዮን ያህል ሰዎች ታመሙ፤ 150,000 ያህሉ ሞቱ። የወረርሽኙ ስፋት በሚገባ የታወቀው ግን ብዙ ሰው ካለቀ በኋላ ነበር።

በዚህም ምክንያት በ1959 የወባ ማጥፊያ አገልግሎት ተቋቋመ። ሕዝቡ በአጭሩ «ወባ ማጥፊያ» ሲል የጠራው ይህ ድርጅት አደረጃጀቱ ቀጥ ያለ ነበር። የራሱ በጀት፣ የራሱ ሠራተኛና የራሱ ተሽከርካሪ ነበረው። ረጪው፣ የደም ናሙና ሰብሳቢው፣ የማይክሮስኮፕ መርማሪውና የትንኝ አጥኚው በአንድ ሰንሰለት ታስረው ለአንድ አለቃ ይታዘዙ ነበር። የዚህ ዓይነት አደረጃጀት ጥቅሙ ፍጥነት ነው፤ ከቆላው የተነሣ ወሬ በሌላ መሥሪያ ቤት በር ላይ ቆሞ አይጠብቅም። ጉዳቱም የሚመነጨው ከዚያው ከጥቅሙ ነው። ሰንሰለቱ የሚያውቀው አንድ በሽታን ብቻ በመሆኑ፣ በዚያው ቤት በተቅማጥ ወይም በረኀብ የተዳከመ ሕፃን ቢገኝ በሰንሰለቱ ውስጥ ቦታ አልነበረውም።

የዓለም ጤና ድርጅት በ1955 የጀመረውን ወባን ፈጽሞ የማጥፋት ዘመቻ በ1969 ሲከልስ፣ በኢትዮጵያም ዓላማው ከማጥፋት ወደ መቆጣጠር ተለወጠ። በ1993 ደግሞ ሥራው ለክልሎች ተከፋፍሎ ከጠቅላላው የጤና አገልግሎት ጋር ተዋሐደ። ውሕደቱ አገልግሎቱን ለሕዝቡ አቀረበ፤ ነገር ግን ለብዙ ዓመታት በአንድ ቤት የተከማቸው ልዩ ሙያ በየአቅጣጫው ተበተነ። የቀጥታ ሰንሰለትና የተዋሐደ አገልግሎት ጥቅምና ጉዳት እስከ ዛሬ ድረስ የሚያከራክረውም ስለዚህ ነው።

የላቦራቶሪ ምርምሩ የመጣው በሌላ መንገድ ነው። በ1950ዎቹ መጀመሪያ በአዲስ አበባ የተቋቋመው የፓስተር ኢንስቲትዩት ቆይቶ በ1960ዎቹ ወደ መንግሥት ማዕከላዊ ላቦራቶሪና ምርምር ተቋምነት ተለወጠ፤ ሰፈሩ ግን እስከ አሁን «ፓስተር» እየተባለ ይጠራል። በሌላ በኩል በስዊድን እርዳታ የተጀመረው የሥነ ምግብ ሥራ የኢትዮጵያ ሥነ ምግብ ኢንስቲትዩት ሆነ፤ ፋፋ የተባለው የሕፃናት ምግብም የዚሁ ሥራ ውጤት ነው። ከ1990ዎቹ አጋማሽ ወዲህ ብሔራዊው የጤና ምርምር ኢንስቲትዩት፣ የሥነ ምግብ ኢንስቲትዩቱና የባህላዊ መድኃኒት መምሪያው ተዋሕደው የኢትዮጵያ ጤናና ሥነ ምግብ ምርምር ኢንስቲትዩት ሆኑ። ይህም በ2013 በሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ የኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ተብሎ እንደገና ተደራጀ።

ኢንስቲትዩቱ ሦስት ታላላቅ ተግባራትን በአንድ ጣሪያ ሥር ይዟል። አንደኛው ምርምር ነው። ሁለተኛው የኅብረተሰብ ጤና አደጋዎችን መከታተልና መቋቋም ነው። ሦስተኛው የላቦራቶሪ ጥራት ሥርዓትን መምራት ነው። ሦስቱ በአንድ ቤት መሆናቸው መልካም ሐሳብ ነው፤ አደጋውን የሚያይ ዓይን፣ ናሙናውን የሚመረምር እጅና ምክንያቱን የሚያስብ አእምሮ አብረው ይውላሉ። ችግሩ የሦስቱ ሥራዎች የጊዜ መጠን የተለያየ መሆኑ ነው። አደጋ በሰዓት፣ ላቦራቶሪ በቀን፣ ምርምር በዓመት ይሠራሉ። የፍጥነታቸው ልክ የተለያየ ጥርሶች ያለማገናኛ በአንድ ዘንግ ላይ ቢታሰሩ፣ ፈጣኑ ዘገምተኛውን ይሰብረዋል፤ ወይም ዘገምተኛው ፈጣኑን ያስቆመዋል።

አሁን የጎብዬን መልእክት እንከተል። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ በኬላዋ የመረመረቻቸውን የወባ ሕሙማን ከሰኞ እስከ እሑድ ትመዘግባለች። የሳምንቱ ድምር ወደ ጤና ጣቢያ፣ ከዚያም ወደ ወረዳ፣ ወደ ዞን፣ ወደ ክልል፣ በመጨረሻም ጉለሌ ወደሚገኘው ኢንስቲትዩት ያልፋል። በኬላው ግድግዳ ላይ የሚለጠፈው ሠንጠረዥ የማስጠንቀቂያ ወሰን አለው። ወሰኑ የሚወጣው ያለፉትን አምስት ዓመታት የዚያኑ ሳምንት ቁጥር በማስተያየት፣ ከአምስቱ ሁለተኛውን ከፍተኛ ቁጥር በመውሰድ ነው። ለምሳሌ ያህል የአምስቱ ዓመታት ቁጥር 6፣ 9፣ 11፣ 14 እና 22 ቢሆን ወሰኑ 14 ይሆናል፤ የዘንድሮው 15 ከሆነ ደወሉ ተደወለ ማለት ነው። ይህን ለማወቅ ኮምፒዩተርም ሆነ ዲግሪ አያስፈልግም። ስለዚህ አደጋውን በመጀመሪያ የምታየው ሠራተኛዋ ራሷ ናት።

ነገር ግን አይታ ምን ታደርጋለች? የወባ ሕክምና ትኩሳቱ በጀመረ በ24 ሰዓት ውስጥ ሊሰጥ ይገባል። የሳምንቱ ድምር አምስት ደጅ አልፎ ሲወጣ ቀናት ያልፋሉ። ተጨማሪ መድኃኒትና መመርመሪያ የሚታዘዝበት ሥልጣን ከደወሉ ርቆ ከተቀመጠ፣ ደወሉ የሚያገለግለው ለታሪክ ጸሐፊ ይሆናል።

በአንጻሩ ሠራተኛዋ ከኬላዋ ሆና ፈጽሞ ልታየው የማትችለው ነገር አለ። በኬላ ሲሠራበት የቆየው ፈጣን መመርመሪያ የፋልሲፓረም ወባን ጥገኛ ነፍሳት የሚለየው ነፍሳቱ በሚያመነጩት አንድ ፕሮቲን ነው። ኢንስቲትዩቱ ከአማራ፣ ከትግራይና ከጋምቤላ ክልሎች ከ12,000 በላይ ሰዎችን በማካተት ያካሄደውና በ2021 የታተመው ጥናት፣ ይህን ፕሮቲን የማያመነጩ የፋልሲፓረም ዝርያዎች መስፋፋታቸውን ገለጸ። በግምቱ መሠረት መመርመሪያው ከፋልሲፓረም ሕሙማን 10 በመቶ ያህሉን ሊስት ይችላል፤ የዓለም ጤና ድርጅት መመርመሪያ እንዲለወጥ የሚመክርበት ወሰን ደግሞ 5 በመቶ ነው። ሠራተኛዋ «ወባ የለብህም» ብላ የሸኘችው ሰው ወባ ሊኖርበት ይችላል ማለት ነው። እንዲህ ያለው መሣሪያ ይህን አይነግራትም። ይህን ሊያውቅ የሚችለው ከብዙ ቦታ ናሙና የሚሰበስብ ማዕከላዊ ተቋም ብቻ ነው። በመሆኑም ማዕከል አያስፈልግም የሚለው አስተያየት ስሕተት ነው፤ ማዕከሉ ለራሱ ብቻ የሚያውቅ ከሆነ ግን እውቀቱ ጎብዬ አልደረሰም።

ነገሩ ቀላል እንዳልሆነ የቅርብ ጊዜው ሁኔታ ይመሰክራል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደገለጸው፣ በ2024 ከጃንዋሪ 1 እስከ ኦክቶበር 20 ባለው ጊዜ በኢትዮጵያ ከ7.3 ሚሊዮን በላይ የወባ ሕሙማንና 1,157 ሞት ተመዝግበዋል።

ከዚህ በላይ ከተዘረዘረው አራት ሐሳቦች ይመነጫሉ።

አንደኛ፣ ወደ ላይ ለሚወጣው ሪፖርት የጊዜ ገደብ እንዳለው ሁሉ፣ ወደ ታች ለሚወርደው መልስም ገደብ ሊቆረጥለት ይገባል። ኢንስቲትዩቱ የሚያወጣው ሳምንታዊ መግለጫ ጠቃሚ ነው። ይሁንና መግለጫ የአገሪቱን ጠቅላላ ሁኔታ ይናገራል እንጂ ለአንድ ኬላ ጥያቄ መልስ አይሆንም። የመዋቅር ሠንጠረዥ ሲነደፍ ከእያንዳንዱ ወደ ላይ የሚወጣ መስመር አጠገብ የሚወርደው መስመርና የሚፈጀው ጊዜ አብሮ ይጻፍ።

ሁለተኛ፣ ሥልጣን አደጋው ካለበት ይቅረብ። የራያ ገበሬ ጎርፍ ጠልፎ እርሻውን ሲያጠጣ የውኃ አባት ይሾማል። ጎርፉ በሌሊት ቢመጣ የውኃ አባቱ ደብዳቤ አይጠብቅም፤ ደንቡ አስቀድሞ የታወቀ ስለሆነ ጠለፋውን ይከፍታል፣ ይዘጋልም። የማስጠንቀቂያው ወሰን ሲታለፍም እንዲሁ፣ አስቀድሞ የተወሰነ መጠን ያለው መድኃኒትና መመርመሪያ ሌላ ፈቃድ ሳይጠየቅ ከወረዳው መጋዘን ሊወጣ ይገባል።

ሦስተኛ፣ ምርምሩ ራሱ ወደ ሜዳው ይቅረብ። የእርሻ ምርምር ይህን ቀድሞ ተረድቶታል፤ የሲሪንቃ የእርሻ ምርምር ማዕከል በቆቦ የሙከራ ቦታ አለው፤ አቀንጭራን ከሚቋቋሙት የማሽላ ዝርያዎች አንዱም «ጎብዬ» ይባላል። በጤናው በኩል የአማራ ክልል ኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ከባሕር ዳር ሌላ በደሴ ቅርንጫፍ አለው። ደሴ ለጎብዬ ከባሕር ዳርም ከአዲስ አበባም ይቀርባል። ነገር ግን የክልሉ ተቋም ተጠሪነቱ ለክልሉ፣ የጉለሌው ለፌዴራሉ መንግሥት ስለሆነ፣ በሁለቱ መካከል ያለው መስመር የትእዛዝ ሳይሆን የስምምነት መስመር ነው። ስምምነት ደግሞ በጽሑፍ ካልተወሰነ በሰዎች መተዋወቅ ላይ ብቻ ይንጠለጠላል። ከዚህም ሌላ መንገዱ አንድ ብቻ ሊሆን አይገባም። በ2021 ጦርነቱ ሰሜን ወሎን ሲያዳርስ፣ በ2022ም በቆቦ አካባቢ እንደገና ሲያገረሽ፣ ጤና ተቋማት ተዘረፉ፤ ስልክና መብራት ተቋረጠ። አንድ ቀለበት ሲበጠስ ሰንሰለቱ በሙሉ ዝም አለ። ማንኛውም መሐንዲስ ለውኃ መስመር ተለዋጭ መንገድ እንደሚያዘጋጅ ሁሉ፣ ለጤና መልእክትም ተለዋጭ መንገድ አስቀድሞ ሊታሰብለት ይገባል።

አራተኛው የዚህን ማኅበር አባላት በቀጥታ ይመለከታል። በ1999 የታተመ አንድ ጥናት፣ በትግራይ በአነስተኛ ግድቦች አቅራቢያ የሚኖሩ ሕፃናት ከግድብ ርቀው ከሚኖሩት ሰባት እጥፍ ያህል በወባ እንደሚያዙ አረጋግጧል፤ ለአንድ ሺህ የሕፃናት ወር 14.0 በ1.9 መሆኑ ነው። በቆቦና ጊራና ሸለቆም የመስኖ ልማት ተስፋፍቷል። ግድብና ቦይ ሲነደፍ የጤና ምርምር ተቋሙ ከንድፉ ጠረጴዛ ዙሪያ መቀመጫ ሊኖረው ይገባል። ቦዩ ውኃ እንዳያቁር በንድፍ ጊዜ ማስተካከል፣ ወረርሽኝ ከተነሣ በኋላ አጎበር ከማከፋፈል ይቀላል።

ክቡራትና ክቡራን፤

ከፓስተር ኢንስቲትዩት ወዲህ የተቋሙ ስም በየጊዜው ተለውጧል፤ ሣጥኖቹም ብዙ ጊዜ ተደርድረዋል። ወደፊትም መለወጣቸው አይቀርም። የሚመጣው ሠንጠረዥ በቀረበ ጊዜ ግን አንድ ጥያቄ ሳይነሣ አይጽደቅ፦ ጎብዬ ሰኞ የጠየቀችው መልሱን የምታገኘው በየትኛው ቀን ነው?