ጎተራ ሳይሞላ የሚከበር በዓል



መስከረም 1 ቀን 2018 ዓ.ም. ሐሙስ ዋለ። ዘመን መለወጫው ለምን በመስከረም ሆነ ሲባል ክረምቱ ስላለፈ፣ ምድርም በዐደይ አበባ ስላጌጠች ነው እንላለን። እውነት ነው። ለመንዝ ገበሬ ግን መስከረም ሌላም መልክ አለው። የመኸሩ ገብስ ገና ለጋ ነው። በልግ በከዳበት ዓመት የጎተራው ወለል የሚታየው በዚሁ ወራት ነው፤ እህል ለመሸመት፣ ለልጆች ደብተር ለመግዛት በግ ወደ ገበያ የሚነዳውም አሁን ነው። የበዓል ገበያ ለበግ ሻጭ መልካም መሆኑ በጀ እንጂ!

እንግዲህ ይህ ሕዝብ ዓመቱን የሚቀበለው አዝመራውን ሰብስቦ አይደለም፤ አበባ አይቶ ነው። የእንቁጣጣሽ ትርጉም ለእኔ ይኸው ነው፤ ገና ላልታጨደው አስቀድሞ ማመስገን። ልጃገረዶች አበባየሆሽ እያሉ ደጅ ሲደርሱ፣ እህል ያጠራት እመቤት እንኳ ባዶ እጃቸውን ላለመስደድ ጓዳዋን ታያለች።

አባቶቻችን ለዚህ ተስፋ ሥርዓት አበጅተውለታል። በርእሰ ዐውደ ዓመት ሊቁ በምእመናን ፊት ቆሞ አጽዋማትና በዓላት የሚወጡበትን የባሕረ ሐሳብ ቁጥር ያሰማል። የ2018ን አብረን እናውጣው። 5500ና 2018 ሲደመር ዓመተ ዓለሙ 7518 ይሆናል። ለ4 ሲካፈል 2 ይተርፋል፤ ዘመነ ማርቆስ ነው። ለ19 ሲካፈል 13 ይተርፋል፤ 1 ሲነሣለት ወንበሩ 12 ነው። ወንበሩ በ11 ተባዝቶ በ30 ሲገደፍ አበቅቴው 12፣ በ19 ተባዝቶ በ30 ሲገደፍ መጥቅዑ 18 ይወጣል። መጥቅዑ የሚውልበት መስከረም 18 እሑድ ነው፤ የእሑድ ተውሳክ 7 ስለሆነ ድምሩ 25 ነው። ስለዚህ ጾመ ነነዌ ጥር 25 ትገባለች፤ ፋሲካም ሚያዝያ 4 ይውላል።

ፊደል ያልቆጠረች እናት ነጠላዋን አጣፍታ ይህን ሁሉ ታደምጣለች። የጥቅምት ውርጭ ገብሷን ይምታው ይተወው አታውቅም። ነነዌ መቼ እንደምትገባ፣ ዐቢይ ጾም መቼ እንደሚያዝ፣ በየትኛው እሑድ እንደምትፈስክ ግን ከዚያች ዕለት ጀምሮ ታውቃለች። ሰማዩ ባይታመናት እንኳ የዓመቱ መንገድ በእጇ ነው። ከጎረቤት ተቀያይማ ከሆነም ሽማግሌ የሚገባው፣ ይቅር ለእግዚአብሔር የሚባባሉት በዚሁ ሰሞን ነው፤ ቂም ይዞ እንኳን አደረሰህ ማለት ይከብዳልና።

ስለዚህ ለካህናቱና ለመምህራኑ አንድ ልመና አለኝ። ይህ ስሌት በጥቂት ሽማግሎች ቃል ብቻ እንዲቀር አትፍቀዱ። የሰንበት ትምህርት ቤቱ ልጆች ይማሩት፤ ከ2018 የሚቀጥለውን ዓመትም ራሳቸው ያውጡት። ዓመተ ዓለሙ 7519 ለ4 ሲካፈል 3 ይተርፋል፤ ዘመነ ሉቃስ ነው፤ የዚያ ዓመት ጳጉሜንም 6 ቀን ትሆናለች።