«ሕጉ ይለወጥ?» ሲባል፤ የሕዝብ ድምፅ በሰው ስሜት ላይ የሚያሳድረው ጫና

(ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች የተደረገ ንግግር)



የሶሲዮሎጂ ምሩቅ ነኝ፤ የምሠራው በማኅበራዊ ሠራተኝነት ነው። ሥራዬ በአጭሩ ሰው ማዳመጥ ነው ማለት ይቻላል። ዛሬ የማነሳላችሁ ጉዳይ ግን ከሩቅ አገር፣ ከአውስትራሊያ የመጣ ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 የዚያ አገር መንግሥት ለሕዝቡ አንድ ጥያቄ በፖስታ ላከ። ጥያቄው ስለ ጥቂት ሰዎች ሕይወት ነበር፤ መልስ የሚሰጠው ግን ሁሉም ነው። እነዚያ ጥቂት ሰዎች በዚያን ሰሞን ምን ተሰማቸው? የዛሬው ርዕሳችን ይኸው ነው።

በመጀመሪያ ቃሉን እናጥራ። «ኤል ጂ ቢ ቲ አይ» የሚል ምህፃረ ቃል ሰምታችሁ ይሆናል። ሴት ሆነው ሴትን፣ ወንድ ሆነው ወንድን የሚያፈቅሩ፣ ሁለቱንም ፆታ የሚያፈቅሩ፣ ሲወለዱ የተነገረላቸው ፆታ ውስጣቸው ከሚሰማቸው ጋር የማይገጥምላቸው፣ እንዲሁም አካላቸው ከተለመደው የወንድ ወይም የሴት አካል ለየት ብሎ የተወለዱ ሰዎችን በአንድነት የሚጠራ ነው። በየትኛውም አገር ቁጥራቸው ከሌላው ሕዝብ ያነሰ ነው። ይህን ያዙልኝ፤ ወደ ኋላ እንመለስበታለን።

አሁን ወደ ታሪኩ እንግባ። እ.ኤ.አ. በ2004 የአውስትራሊያ ፓርላማ ጋብቻ የአንድ ወንድና የአንዲት ሴት ጥምረት ነው የሚል ቃል በጋብቻ ሕጉ ውስጥ አስገባ። ከዚያ በኋላ ለ13 ዓመታት ክርክሩ አልበረደም። መንግሥት ጉዳዩን ሁሉም በግዴታ ድምፅ እንዲሰጥበት ለሕዝብ ላቅርብ ቢልም ሴኔቱ አልተቀበለውም። ስለዚህ ሌላ መንገድ ተፈለገ፤ በፈቃደኝነት የሚሞላ የፖስታ መጠይቅ። ሥራውን የመራውም የምርጫው መሥሪያ ቤት ሳይሆን የስታቲስቲክስ መሥሪያ ቤቱ ነበር። ከሴፕቴምበር 12 ቀን 2017 ጀምሮ ወደ 16 ሚሊዮን ለሚጠጉ መራጮች ቅጹ ተላከ። ጥያቄው አንድ ብቻ ነው፤ «ተመሳሳይ ፆታ ያላቸው ጥንዶች መጋባት እንዲችሉ ሕጉ ይለወጥ?» መልሱ «አዎ» ወይም «አይ» ነው። በቃ።

ለብዙ ሰው ይህ ቅጽ የሁለት ደቂቃ ሥራ ነው። ምልክት ያደርጋል፣ ያሽጋል፣ ፖስታ ሣጥን ውስጥ ይከተዋል። ጉዳዩ በቀጥታ ለሚመለከተው ሰው ግን የሁለት ወር ሥራ ነው። እንዴት? እስቲ ራሳችሁን በእሱ ቦታ አድርጋችሁ አስቡት።

አንደኛ፣ ከወሬው ማምለጫ የለም። በቴሌቪዥን፣ በሬዲዮ፣ በጋዜጣ፣ በሥራ ቦታ፣ በእራት ገበታ ላይ ወሬው እሱው ነው። ክርክሩም በጋብቻ ላይ ብቻ አልቆመም፤ ስለ ልጆች አስተዳደግ፣ ስለ ትምህርት ቤት ሁሉ ተነሣ። ከሁለት እናቶች ወይም ከሁለት አባቶች ጋር የሚያድግ ልጅ፣ የማያውቁት ሰዎች በእሱ ቤት ደኅንነት ላይ ሲከራከሩ ቁጭ ብሎ ይሰማል።

ሁለተኛ፣ ልመናው ነው። ለ«አዎ» ዘመቻ የተሰለፉት የማያውቁት ሰው ጋ እየደወሉ፣ በር እያንኳኩ ድጋፍ ይጠይቁ ነበር። ስለ መንገድ ወይም ስለ ግብር ሲሆን ይህ ቀላል ነው። «እኔ እንደ እርስዎ እንዳገባ ይፈቅዱልኛል ወይ?» ብሎ መጠየቅ ግን አንገት ያስደፋል።

ሦስተኛ፣ ጥርጣሬው ነው። ድምፅ አሰጣጡ ምስጢር ስለሆነ ማን ምን እንዳለ አይታወቅም። ዳቦ የሚሸጥልኝ ሰውዬ ምን ብሎ ይሆን? አለቃዬስ? አክስቴስ? ትናንት ሰላም ያላችሁት ጎረቤት ዛሬ ጥያቄ ይሆንባችኋል።

አራተኛው እናንተን የሚመለከት ነው፤ ዕድሜ። ዕድሜያቸው 18 ዓመት ላልሞላ ቅጹ አልተላከም። እንግዲህ የ15 ዓመት ልጅ ስለ ራሱ የሚባለውን ሁሉ ይሰማል፤ መልስ የሚሰጥበት ወረቀት ግን የለውም። ቤተሰቡም የእሱን ነገር ላያውቅ ይችላል።

ይሄ ነገር ከእኛም ሰዎች ደጅ የራቀ አልነበረም። በሜልቦርን ከተማ የሚኖሩ፣ የአውስትራሊያ ዜግነት ያገኙና ለምርጫ የተመዘገቡ ኢትዮጵያውያን አሉ፤ ያው ፖስታ ለእነሱም ተልኳል። ቡና ተፈልቶ፣ ዘመድ ተሰብስቦ፣ ወሬው በአማርኛ ሲነሣ ይታያችሁ። አንዱ ይቀልዳል፣ አንዷ ትራገማለች፣ ሌላው ይስቃል። ስኒውን የምታቀርበው ልጅ ስለ ራሷ እየተወራ ከሆነስ? ማንም እሷን ሊጎዳ አላሰበም፤ እዚያ መኖሯንም አላወቁም። እሷ ግን በዚያች ሰዓት አንድ ነገር ተምራለች፤ ለማን መናገር እንደማትችል።

መንግሥትም ስጋቱ ገብቶት ነበር። ቅጹ መላክ በጀመረ ማግስት፣ ሴፕቴምበር 13 ቀን፣ በመጠይቁ ወቅት ዛቻን፣ ማስፈራራትንና ማንቋሸሽን የሚከለክል ጊዜያዊ ሕግ ወጣ። ጥሩ ነው። ሆኖም ሕግ ዛቻን ይከለክላል እንጂ ቡና ላይ የሚወራውን አይከለክልም።

«ታዲያ ወሬ ሰው ይጎዳል እንዴ?» ትሉኝ ይሆናል። ጥናቶች የሚሉትን እንይ። ኢላን ሜየር የተባለ አሜሪካዊ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ2003 ባሳተመው ጽሑፍ፣ አናሳ የሆኑ ሰዎች ከማንኛውም ሰው ጭንቀት በላይ ተጨማሪ ሸክም እንደሚሸከሙ አስረድቷል። ሸክሙ የሚደርስባቸው በደል ብቻ አይደለም። «አሁን ደግሞ ምን ይሉኝ ይሆን?» እያሉ መጠበቅ አለ፤ ራስን መደበቅ አለ፤ ከሁሉ የሚከፋው ደግሞ ሌላው የሚለውን እውነት ነው ብሎ ራስን መጥላት አለ። «ማግለልና አድልዎ» የሚሉትን ቃላት በክበባችሁ ደጋግማችሁ ሰምታችኋል፤ ማግለል ከውጭ ገብቶ ውስጥ የሚቀመጠው እንዲህ ነው።

በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2004 እና በ2005 በርካታ ግዛቶች የተመሳሳይ ፆታ ጋብቻን በሕገ መንግሥታቸው ለመከልከል ሕዝብ ድምፅ እንዲሰጥ አደረጉ። በአጋጣሚ ከ34,000 በላይ ሰዎችን ከዚያ በፊትና ከዚያ በኋላ ስለ ጤናቸው የጠየቀ አገር አቀፍ ጥናት ነበር። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2010 ታተመ። ክልከላው በጸደቀባቸው ግዛቶች በሚኖሩ ተመሳሳይ ፆታ በሚያፈቅሩ ሰዎች ላይ እንደ ድብርት ያሉ የስሜት ሕመሞች በ36.6 በመቶ ጨምረው ተገኙ። እንዲህ ዓይነት ድምፅ ባልተሰጠባቸው ግዛቶች ይህን የመሰለ ጭማሪ አልታየም።

በአውስትራሊያም መጠይቁ እየተካሄደ ሳለ 1,305 ሰዎች የተካፈሉበት ጥናት ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ2019 ታትሟል። ተቃራኒ መልእክቶችን ደጋግመው ያዩና የሰሙ ሰዎች ድብርታቸው፣ ጭንቀታቸውና ውጥረታቸው ከፍ ያለ ነበር። አሁን የምለውን ግን አስምሩበት፤ ቤተሰቡና የቅርብ ጓደኞቹ ከጎኑ እንደቆሙ የተሰማው ሰው ጉዳቱ ይቀንስለት ነበር። የአገሩ ሁሉ ወሬ ያው ነው። ልዩነት ያመጣው የቅርብ ሰው ነው።

ታዲያ መጨረሻው ምን ሆነ? ኖቬምበር 15 ቀን 2017 ውጤቱ ተነገረ። ከመራጮቹ 79.5 በመቶው መልሰዋል። 61.6 በመቶው «አዎ»፣ 38.4 በመቶው «አይ» አሉ። ሕዝብ አደባባይ ወጥቶ ተቃቀፈ፣ አለቀሰ፣ ጨፈረ። ፓርላማው ዲሴምበር 7 ሕጉን አጸደቀው፤ ከዲሴምበር 9 ጀምሮም በሥራ ላይ ዋለ።

«እንግዲያው አሸነፉ፤ ነገሩ አለቀ» አይባልም? አዎ፣ ደስታው እውነተኛ ነው። ብዙዎች «ለካ አገሬ አልጠላችኝም» የሚል እፎይታ ተሰምቷቸዋል። ነገር ግን ውጤቱ የታተመው በምርጫ ክልል ተከፋፍሎ ነው። በሜልቦርን ማእከል ባለው ክልል 83.7 በመቶው «አዎ» ሲሉ፣ በምዕራብ ሲድኒ በምትገኘው ብላክስላንድ 73.9 በመቶው «አይ» ብለዋል። የብላክስላንዱ ወጣት በማግስቱ ወደ ትምህርት ቤት ሲሄድ ከመለሱት 4 ጎረቤቶቹ 3ቱ ገደማ «አይ» እንዳሉት እያወቀ ነው። አገር ጨፍሯል፤ እሱ ግን የሚኖረው ሰፈሩ ውስጥ ነው። በአየርላንድም እ.ኤ.አ. በሜይ 2015 ሕዝቡ 62 በመቶ በሆነ ድምፅ የተመሳሳይ ፆታ ጋብቻን ደግፏል። ከዚያ በኋላ ከ1,600 በላይ ሰዎች በተጠየቁበት ጥናት ብዙዎቹ ከድሉም በኋላ የዘመቻው ቃላት እንዳቆሰሏቸው ተናግረዋል። ድምፅ ይቆጠራል፣ ይዘጋል። የተነገረ ቃል ግን ተመልሶ አይሰበሰብም።

እዚህ ላይ ሚዛናዊ መሆን ያስፈልጋል። «አይ» ያለ ሁሉ ሰው የጠላ አይደለም። በሃይማኖቱ፣ በአስተዳደጉ ምክንያት በቅን ልቦና «አይ» ያለ ብዙ ነው። እምነቱን መያዝ መብቱ ነው። ይሁንና እምነትን መያዝና ሰውን ማዋረድ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። አንድ ሰው «ሃይማኖቴ ይህን አይቀበልም» ቢል አቋሙን ተናገረ። «እነዚህ ሰዎች በሽታ ናቸው» ቢል ግን የሰውን ልጅ ሰደበ። የዓለም ጤና ድርጅት ተመሳሳይ ፆታ ማፍቀርን ከበሽታዎች መዝገብ ካወጣው ከ1990 ጀምሮ ብዙ ዓመታት ተቆጥረዋል።

አሁን ከመካከላችሁ አንዱ «እህታችን፣ ይሄ እኛን ምን አገባን?» ሊለኝ ይችላል። ተገቢ ጥያቄ ነው። በአገራችን እንዲህ ዓይነት ድምፅ ተሰጥቶ አያውቅም። የወንጀል ሕጋችንም በአንቀጽ 629 በተመሳሳይ ፆታ መካከል የሚፈጸም ግንኙነትን ያስቀጣል። ይህን ሁላችሁም ታውቃላችሁ፤ ዛሬ በሕጉ ላይ ልከራከር አልመጣሁም። የመጣሁት ስለ ሰው ስሜት ልነግራችሁ ነው፤ ስሜት ደግሞ ድንበር የለውም። ቅድም «ቁጥራቸው ያነሰ ነው» ያልኳችሁን አስታውሱ። ያነሰ ማለት የለም ማለት አይደለም። ይህን በሚያህል አዳራሽ ውስጥ፣ ስለ ራሱ ማንም ያልሰማው ጥያቄ ይዞ የተቀመጠ ልጅ የለም ብሎ መማል የሚችል ማነው? እናንተም እኮ በየዕለቱ ድምፅ ትሰጣላችሁ። በቀልድ ስትስቁ ድምፅ ነው። ቅጽል ስም ሲወጣ ዝም ስትሉ ድምፅ ነው። «ተወው፣ አትንካው» ስትሉም ድምፅ ነው።

ስለዚህ ሦስት ነገር ልበልና ላብቃ።

የመጀመሪያው፣ ስለ ሰው ስታወሩ ያ ሰው አጠገባችሁ እንዳለ አድርጋችሁ አውሩ። ምናልባትም አለ።

ሁለተኛው፣ አንድ ጓደኛችሁ ምስጢሩን ቢነግራችሁ፣ ምስጢሩ የእሱ ነው። ለሌላ ጓደኛ፣ ለቤተሰብ፣ ለመምህር ቢሆን ያለ እሱ ፈቃድ አታውሩ። ወሬው ከቤት ሊያስባርረው፣ ሊያስደበድበው፣ ሊያሳስረውም ይችላል። ማስረዳት ወይም መፍረድ አይጠበቅባችሁም፤ «ሰምቼሃለሁ፣ ጓደኝነታችን እንዳለ ነው» ማለት ይበቃል። ያ የአውስትራሊያው ጥናት ያገኘው መከላከያ ይኸው ነው። ስለ ሞት ማውራት ከጀመረ ግን ብቻውን አትተዉት። የነገራችሁን ምስጢር ሳታወጡ፣ የምታምኑት አዋቂ ወይም የጤና ባለሙያ እንዲረዳው አድርጉ።

ሦስተኛው ለዚያ ዝም ብሎ ለሚያዳምጠኝ ልጅ ነው። እጅህን አውጣ፣ እጅሽን አውጪ አልልም። ለማን እንደምትናገር ረጋ ብለህ ምረጥ፤ ምስጢር መጠበቁን በትንሽ ነገር ያየህበትን ሰው ምረጥ። እስከዚያው ግን ሌላው ስለ አንተ የሚለውን ሁሉ ልብህ ውስጥ አታስቀምጥ። አንቺም እንደዚሁ። በአውስትራሊያ ወደ 12 ሚሊዮን ከ700 ሺህ የሚጠጋ ሰው «አዎ» ወይም «አይ» ብሏል። ያ ሁሉ ሕዝብ መልስ የሰጠው በጋብቻ ሕግ ላይ ነው። የአንድ ልጅ ሰውነት ለድምፅ አልቀረበም፤ ሊቀርብም አይችልም።