የምግብ ቤት ዶሮ ወጥ ለምን ቅር ያሰኛል?

አንደኛ አቅራቢ፦ አድማጮቻችን፣ ከመካነ ሰላም እስከ አዲስ አበባ በየምግብ ቤቱ ዶሮ ወጥ ተብሎ የሚቀርበው ብዙ ጊዜ ስሙን አይመጥንም። የዶሮ ወጥ ጣዕም የሚጀምረው ከሽንኩርቱ ነው። በደቃቁ የተከተፈው ሽንኩርት በዝግታ ይቁላላል፤ ውሃው ሲመጥ በርበሬ ይገባል፤ በርበሬውም ውሃ ጠብ እየተደረገለት ጥሬነቱ እስኪለቅ ይበስላል። ከዚያ ንጥር ቅቤው፣ በሎሚና በጨው የታጠበው 12 ብልት፣ በመጨረሻም እንቁላሉና መከለሻው ይከተላሉ። ይህ የሰዓታት ሥራ ነው። በችኮላ ሲሠራ ግን ሽንኩርቱ በዘይት ይጣደፋል፣ መረቁ በቲማቲም ድልህ ይወፍራል፤ ቶሎ የሚበስለው የፈረንጅ ዶሮም ቁሌቱ ሳይዋሃደው ይፈራርሳል።

ሁለተኛ አቅራቢ፦ ልክ ነህ ወንድሜ፤ ግን ባለምግብ ቤቶቹም የሚሉት አላቸው። ቅቤውም ሽንኩርቱም ተወዷል፤ መንገደኛውም ምግቡን ቶሎ ይፈልጋል። በዚህ ላይ የቤት ጣዕም በገበያ ዋጋ ይገኛል ማለት ይከብዳል።

አንደኛ አቅራቢ፦ ውድነቱ እውነት ነው እህቴ። ችኮላው ግን መፍትሔ አለው፤ ቁሌት አስቀድሞ በብዛት ተቁላልቶ ሊቀመጥ ይችላል። ወጪውን ያልቻለ ደግሞ ዶሮ ወጡን ከምግብ ዝርዝሩ ያውጣው። በመካነ ሰላም ዙሪያ ያለው የቦረና ደጋ ለሽሮ የሚሆን ባቄላና አተር ያበቅላል፤ በወጉ የተንተከተከ ሽሮ ከተጣደፈ ዶሮ ወጥ ይልቅ እንግዳን ያከብራል።

ሁለተኛ አቅራቢ፦ እስማማለሁ። እኛ ተመጋቢዎችም ዝም ብለን ከፍለን መውጣታችን ይብቃ፤ ጉድለቱን በአክብሮት እንንገራቸው፣ በወጉ የሠራችውንም ባለሙያ እናመስግን።