ለግዢና አቅርቦት ሥራ ቃለ መጠይቅ እንዴት እንዘጋጅ?

(በማኅበራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ የቀረበ ንግግር)

ሰብሳቢያችን የሰጡኝ ዐሥር ደቂቃ ነው፤ ምግቡም እየቀዘቀዘ ስለሆነ ቶሎ ወደ ጉዳዩ ልግባ።

እኔ የምሠራው ሜሪላንድ ውስጥ በአንድ የሕክምና ዕቃ አከፋፋይ ድርጅት የግዢ ክፍል ነው። ሰው ሲቀጠር ከጠያቂዎቹ አንዱ ሆኜ እቀመጣለሁ። ከመካከላችን አገር ቤት በግዢና በንብረት ክፍል ለዓመታት የሠሩ፣ እዚህ ግን ሌሊት ሌሊት መጋዘን ውስጥ ካርቶን የሚደረድሩ ብዙ ናቸው። ሥራ አይናቅም፤ ግን ያንን ሁሉ ዓመት ያካበቱት ዕውቀት መቅረት የለበትም። ብዙዎቹ የሚያግዳቸው እንግሊዝኛው ይመስላቸዋል። እኔ እንዳየሁት ይበልጥ የሚጎዳን ስለ ራሳችን የምንናገርበት መንገድ ነው።

አንድ ጊዜ አንዲት የአገራችን ልጅ ለቃለ መጠይቅ መጣች። (ፈቅዳልኝ ነው የምነግራችሁ።) ስለማውቃት አስቀድሜ ለኃላፊዬ በጽሑፍ አሳውቄ ነጥብ ከመስጠት ራሴን አግልዬ ነበር። አገር ቤት ሆስፒታል ውስጥ ለዘጠኝ ዓመት ዕቃ ገዝታለች። «አቅራቢ ዋጋ ሲጨምርብሽ ምን አደረግሽ?» አሏት። «ኮሚቴ ነበረን፤ ፕሮፎርማ ይሰበሰባል፤ በመመሪያው መሠረት ግዢው ይካሄድ ነበር» አለች። ከጎኔ የነበረው ባልደረባዬ «የራሷ ድርሻ ምን እንደሆነ አልታወቀም» ብሎ ጻፈ። አለፈቻት።

እኛ ዘንድ «እኔ አደረግሁ» ማለት ጉራ ነው፤ ያደግነው «እኛ» እያልን ነው። እዚህ የሚቀጠረው ግን ኮሚቴው አይደለም። ከዚያ በኋላ አብረን ተቀምጠን ያንኑ ታሪክ እንደገና ስትነግረኝ እንዲህ ሆነ፦ «የጓንት አቅራቢያችን ዋጋ ሲጨምር ሦስት አዳዲስ ነጋዴዎች አፈላለግሁ። የዓመቱን ፍላጎት በአንድ ውል አጠቃልዬ፣ ርክክቡ ግን በየሦስት ወሩ እንዲሆን ተደራደርኩ። በድሮው ዋጋ ገዛን።» አንድም ውሸት አልጨመረችም። ዛሬ በሌላ ድርጅት ገዢ ሆና ትሠራለች።

እንዲህ ያሉ ሦስት ወይም አራት ታሪኮች አዘጋጁ፤ ችግሩ፣ እናንተ ያደረጋችሁት፣ ውጤቱ፣ የሚቻል ከሆነ በቁጥር። ቁጥሩን በትክክል ካላስታወሳችሁ «በግምት» በሉ።

ሁለተኛው የቃላት ጉዳይ ነው። «ሞዴል 19» ብትሉት ጠያቂው ግራ ይገባዋል። ግን በሞዴል 19 ዕቃ ተረክቦ በሞዴል 22 ወጪ ያደረገ፣ ቢን ካርድ ላይ ሚዛኑን የያዘ ሰው እዚህ በኮምፒውተር የሚሠራውን ሥራ ያውቀዋል። የግዢ ትዕዛዙን፣ የዕቃ መረከቢያውንና የነጋዴውን ደረሰኝ አስተያይቶ፣ ሦስቱ ካልገጠሙ ክፍያ አለመልቀቅን «ስሪ ዌይ ማች» ይሉታል። ሥራው አዲስ አይደለም፤ ስሙን ግን ማጥናት ግድ ነው።

ስሌትም ይጠይቃሉ። በቀን 40 ካርቶን ይወጣል፤ ታዞ እስኪደርስ 15 ቀን ይፈጃል፤ መጠባበቂያው 200 ካርቶን ነው። ክምችቱ ስንት ሲደርስ ነው የምታዙት? 40 በ15 ተባዝቶ 600፣ 200 ሲደመር 800። ቀላል ነው፤ ሰው ፊት ሲሆን ግን ይጠፋል። ከውጭ አገር የሚያስመጣ ድርጅት ከሆነ ኤፍ ኦ ቢንና ሲ አይ ኤፍን ለዩ። በሲ አይ ኤፍ ሻጩ የመርከቡን ኪራይና ኢንሹራንሱን እስከ መድረሻው ወደብ ይከፍላል፤ ዕቃው ቢጎዳ ኪሳራው ግን መርከብ ላይ ከተጫነበት ጊዜ ጀምሮ የገዢው ነው። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይሳሳታል።

ማርች 26፣ 2024 መርከብ የባልቲሞርን ድልድይ ገጭታ ከጣለች በኋላ «የለመድከው መንገድ ቢዘጋ ምን ታደርጋለህ?» የሚለው ጥያቄ በእኛ አካባቢ በዝቷል። ለዚህ ከእኛ የተሻለ ማን አለ? አብዛኛው የአገራችን ገቢ ዕቃ በጅቡቲ በኩል ነው የሚገባው። ማኅበራችን የሆስፒታል አልጋ የላከ ጊዜ ከእናንተ መካከል የዕቃ ዝርዝሩን ያዘጋጀ፣ የቀረጥ ነፃ ደብዳቤ የተከታተለ፣ ኮንቴይነሩ ሞጆ ደረቅ ወደብ ሲደርስ በየሌሊቱ እየደወለ ያስጨረሰ አለ። በነፃ ስለሠራችሁት ከሥራ ልምድ አትቁጠሩት የሚል ሕግ የለም።

«አቅራቢው ዘመድህ ቢሆንስ?» ብለውም ይጠይቃሉ። «ዘመዴን አላዳላም» ማለት አይበቃም። በጽሑፍ አሳውቃለሁ፣ ከውሳኔው እወጣለሁ በሉ። ስለ ልብስና ሰዓት ስለማክበር ታውቃላችሁ፤ አልፈዋለሁ።

ከሚመጣው ቅዳሜ ጀምሮ ጠዋት ጠዋት በስልክ እናለማመዳለን፤ አገር ቤት ምሽት ስለሚሆን እዚያ ያላችሁም ግቡ። የምታመለክቱበትን የሥራ ማስታወቂያና አንድ ታሪክ በወረቀት ጽፋችሁ ያዙ። ስም የምትመዘግበው እህታችን በሩ አጠገብ ተቀምጣለች።