ከዋክብት እንዴት ይወለዳሉ?
(በማኅበራችን አዳራሽ ለአዲስ ገቢ ቤተሰቦች የተደረገ ንግግር)

 

ቅዳሜ ማታ ሦስት ከዋክብት ሲታዩ ሰንበት ወጣ እንላለን። ዛሬ የምነግራችሁ ስለ ከዋክብት አወላለድ ነው። ምክንያት አለኝ። አንድ ቀን ልጄ ከትምህርት ቤት መጥቶ «አባዬ፣ ጋላክሲ ምንድን ነው?» ቢለኝ፣ «ሂድ፣ አስተማሪህን ጠይቅ» ብዬ መለስኩት። ከዚያ ወዲህ ስለ ሰማይ ጠይቆኝ አያውቅም። በእናንተ ላይ እንዳይደርስ ብዬ ነው የመጣሁት። የፍጥረትን ነገር ቄሶቻችን ያስተምሩናል፤ እኔ የምናገረው በመሣሪያ የታየውንና የተለካውን ነው።

ጋላክሲ ማለት በስበት ኃይል የተያያዘ የከዋክብት፣ የጋዝና የአቧራ ስብስብ ነው። የእኛው ፍኖተ ሐሊብ ይባላል። ጨረቃ በሌለችበት ሌሊት ሰማዩን አቋርጦ እንደ ፈሰሰ ወተት ይታያል። ከ100 ቢሊዮን የማያንሱ ከዋክብት አሉበት፤ ፀሐያችን አንዷ ናት።

ኮከብ የሚወለደው ከቀዝቃዛ ጋዝ፣ ይልቁንም ከሃይድሮጅን ነው። ጋዙ በራሱ ስበት እየተሰበሰበ ይጨመቃል፤ ሲጨመቅ መሐሉ ይሞቃል። ሙቀቱ 10 ሚሊዮን ዲግሪ ገደማ ሲደርስ ሃይድሮጅኑ ወደ ሂሊየም መለወጥ ይጀምራል፤ ኮከቡም ያበራል። በጥር ማታ ወደ ደቡብ ምሥራቅ ብትመለከቱ በአንድ መስመር የተሰለፉ ሦስት ከዋክብት ታያላችሁ። ከእነሱ ዝቅ ብሎ ያለው ጉም መሰል ነገር ዛሬም ከዋክብት የሚወለዱበት የጋዝ ደመና ነው።

ጋላክሲስ እንዴት ያድጋል? በሁለት መንገድ ነው። አንደኛ፣ ጋዝ ከውጭ ይፈስበታል። ጣናን አስቡ፤ ግልገል አባይ፣ ርብ፣ ጉማራና መገጭ ባይገቡበት ጣና ባልሆነ ነበር። ሁለተኛ፣ ትልቁ ትንሹን ይውጣል። ጋይያ የተባለችው መንኮራኩር የለካቻቸውን ከዋክብት መርምረው ሊቃውንት እ.ኤ.አ. በ2018 እንደ ገለጹት፣ የእኛ ጋላክሲ ከ10 ቢሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ሌላ ጋላክሲ ውጧል። የዚያ ጋላክሲ ከዋክብት እስካሁን ከእኛዎቹ ጋር አሉ፤ ከሌላ ቦታ መምጣታቸው በአካሄዳቸው ይታወቃል።

የዓለሙ ዕድሜ 13.8 ቢሊዮን ዓመት ይገመታል። ከዋክብት እጅግ በብዛት የተወለዱት ከ10 ቢሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ነበር። ዛሬ የሚወለዱት የዚያን አንድ አሥረኛ ያህል ናቸው። ጎተራው እየጎደለ ነው፤ ብዙው ጋዝ ከዋክብት ሆኗል፣ አዲስ የሚገባውም ቀንሷል። የሚፈነዱ ከዋክብትና በጋላክሲዎች መሐል ያሉ ግዙፍ ጥቁር ጉድጓዶች ደግሞ የቀረውን ያሞቁታል፣ ይበትኑታል። የጋለ ጋዝ ኮከብ አይወልድም። ፍንዳታው ግን ጥፋት ብቻ አይደለም፤ በደማችን ውስጥ ያለው ብረት የተሠራው በጥንት ከዋክብት ውስጥ ነው።

ይህ ሁሉ እንዴት ታወቀ? ከጎንደር የተላከ ደብዳቤ ዘግይቶ ሲደርስ የሚነግረን የተጻፈበትን ቀን ወሬ ነው። ብርሃንም እንደዚያው ነው። አንድሮሜዳ ከተባለው ጎረቤት ጋላክሲ ዛሬ የምናየው ብርሃን ከተነሣ 2.5 ሚሊዮን ዓመት ሆኖታል። ስለዚህ ሩቅ ማየት ጥንቱን ማየት ነው። እ.ኤ.አ. በ2021 የተላከው ዌብ ቴሌስኮፕ፣ ዓለሙ 300 ሚሊዮን ዓመት ሳይሞላው የነበሩ ጋላክሲዎችን አሳይቷል።

በዚህ አገርም በሚጽፔ ራሞን አጠገብ እ.ኤ.አ. ከ1971 ጀምሮ የቴል አቪቭ ዩኒቨርሲቲ ሰማይ የሚመረምርበት ጣቢያ አለ። ልጆቻችን እዚያ የማይሠሩበት ምክንያት የለም።

ወላጆች ሆይ! በገጠር ያደጋችሁ ያን የወተት መንገድ በዓይናችሁ አይታችኋል። በ1980ዎቹ በሱዳን መንገድ ሌሊት ሌሊት የተጓዙ ወገኖቻችንም ከዚያው ሰማይ በታች ነው የሄዱት። በከተማ መብራት መሐል የሚያድግ ልጅ ግን አላየውም። እናንተ ያያችሁትን ንገሩት፣ እሱም የተማረውን ይንገራችሁ። ሲጠይቃችሁ እንደ እኔ አትመልሱት። «ና፣ ውጭ ወጥተን አብረን እንይ» በሉት።