ሁለት ነዶ በአንድ ሸራ ላይ



የበዓሉ ኮሚቴ «ልጆቹ የሚማሩትን ፊዚክስ ለእኛም አስረዱን» ባለን ጊዜ፣ እኛ የጥናት ክበቡ አባላት ከገዳሪፍ ሰው ሥራ ሳንርቅ ለመናገር ወሰንን። በመተማና በገላባት ተሻግሮ ለሰሊጥ አጨዳ ያልመጣ፣ ወይም ዘመዱ ያልመጣበት ቤተሰብ በዚህ አዳራሽ ጥቂት ነው። ሰሊጥ ጊዜ አይሰጥም። ሲደርቅ ፍሬው ይከፈትና ዘሩ ይረግፋል፤ ስለዚህ ቀድመን አጭደን ነዶውን እናቆማለን። ታዲያ ሁለት ነዶ ተጠጋግተው በአንድ ሸራ ላይ ቢራገፉ፣ የትኛው ዘር የየትኛው ነው? ጠቅላላውን መስፈር ይቻላል፤ ለየብቻ መስፈር ግን ያስቸግራል።

በስዊዘርላንድና በፈረንሳይ ድንበር ላይ ያለው የሰርን ቤተ ሙከራ ሳይንቲስቶችም የገጠማቸው ይኸው ነው። እ.ኤ.አ. ከ1996 እስከ 2000፣ 27 ኪሎ ሜትር ዙሪያ ባለው የምድር ውስጥ ዋሻ ኤሌክትሮንና ፖዚትሮን እያጋጩ፣ ደብልዩ የተባሉትን ከባድ ቅንጣቶች ጥንድ ጥንድ አድርገው ፈጠሩ። አንዱ ደብልዩ ከፕሮቶን 86 ጊዜ ያህል ይከብዳል። ዕድሜው ግን የዓይን ጥቅሻ እንኳ አይባልም። አንድ ሰከንድን ለ10 ከፍለን፣ የደረሰንን እንደገና ለ10 እያልን 25 ጊዜ ብንደጋግም፣ የሚቀረው ሽራፊ ሦስት እጥፍ ነው። ስለዚህ ሁለቱ ገና ሳይራራቁ ይፈርሳሉ፤ ፍርስራሾቻቸውም ይነካካሉ። እያንዳንዱ ስንት ይመዝን ነበር?

ቪክቶር ፋዲን፣ ቫለሪ ኮዜና አላን ማርቲን በ1990ዎቹ ይህን በሒሳብ መረመሩ። መልሳቸው ለሰሊጥ ነጋዴ የሚገባ ነው። ስንት ጥንድ ተፈጠረ ብለን ብቻ ከጠየቅን፣ የመነካካቱ ውጤት እርስ በርሱ ይጣፋል፤ የሚቀረው እዚህ ግባ አይባልም። የእያንዳንዱን ክብደት ከፍርስራሹ ለማውጣት ስንሞክር ግን ብቅ ይላል። የሰርን ሰዎችም ሁለቱም ደብልዩዎች ወደ ኳርክ ለፈረሱባቸው፣ መቀላቀሉ ለሚያሠጋቸው ግጭቶች በመጨረሻው ስሌት አነስተኛ ድርሻ ሰጧቸው። በእኛ አስተያየት ከቁጥሩ ይበልጥ የሚያስመሰግናቸው ይህ ጥንቃቄ ነው።

ቶፕ የተባለው ኳርክ ደግሞ ይብሳል። እ.ኤ.አ. በ1995 በአሜሪካ ፌርሚላብ ሲገኝ ክብደቱ ለወርቅ አቶም ጥቂት የቀረው ሆነ። ፋዲንና ኮዜ ግን ቅንጣቱ ሳይገኝ፣ በ1987፣ ቶፕና ፀረ ቶፕ በዝግታ አብረው ሲወለዱ ከመፍረሳቸው በፊት ለቅጽበት እንደሚሳሳቡና ይህም በሚወለዱት ጥንዶች ቁጥር ላይ እንደሚታይ አስልተው ነበር። በ2025 የሰርን ሲ.ኤም.ኤስ. ቡድን፣ ቀጥሎም አትላስ፣ ከዚህ ዓይነቱ መሳሳብ ጋር የሚስማማ ጭማሪ ማየታቸውን አስታወቁ። 38 ዓመት!

ወላጆቻችን፣ በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ሱዳን ውስጥ በተነሣው ጦርነት ትምህርት የተቋረጠባቸው ልጆች በመካከላችን አሉ። «ይህ ለእኛ ልጆች አይደለም» የሚል ቃልም ከአንዳንድ ቤት ሰምተናል። ደብልዩን የሚያብራራውን ጽንሰ ሐሳብ አዋቅረው በ1979 ኖቤል ከተሸለሙት ሦስት ሰዎች አንዱ ፓኪስታናዊው አብዱስ ሰላም ነበሩ። እርሳቸው በ1964 ጣሊያን ትሪየስቴ ላይ ማእከል ያቋቋሙት፣ ከድሃ አገሮች የሚወጡ የፊዚክስ ሰዎች ብቻቸውን እንዳይቀሩ ነው። ኢትዮጵያውያንም ሱዳናውያንም ተምረውበታል።

እኛ ያለን አንድ ጥቁር ሰሌዳና ጥቂት መጻሕፍት ነው። አርብ ከቀትር በኋላ በዚሁ አዳራሽ ሒሳብ እናስጠናለን፤ የ11ኛና የ12ኛ ክፍል መጻሕፍት ያላችሁ አውሱን።