ላም ስትወልድ ጭንቋን እንዳናበዛባት
(ለማታ ትምህርት ጎልማሶች ከተደረገ ንግግር የተወሰደ)



ዛሬ ፊደሉንና ሒሳቡን አቆይተን ስለ ላም እንነጋገራለን። ምክንያቱን ብዙዎቻችሁ ታውቃላችሁ። ባለፈው ክረምት የአንዲት እናታችን ጊደር ስታምጥ ሠፈሩ ሁሉ ተሰበሰበ። አንዱ ይጎትታል፣ ሌላው ይጮኻል፣ ልጆች አጥሩ ላይ ተንጠላጥለዋል። ጥጃው ነፍስ ይዞ ወጣ፤ በማግሥቱ ግን ሞተ። ከጎታቾቹ አንዱ እኔ ነበርሁ። ከዚያ ወዲህ የእንስሳት ጤና ረዳቱን እየጠየቅሁ፣ ያገኘሁትንም እያነበብሁ የተረዳሁትን ላካፍላችሁ።

ላም የምታረግዘው 9 ወር ከጥቂት ቀናት ነው። ምጡን የሚያስጀምረው ግን ጥጃው ራሱ ነው ብላችሁ ታምናላችሁ? ቀኑ ሲደርስ ጥጃው በማህፀን ውስጥ ሳለ ኮርቲሶል የሚባል የጭንቀት ሆርሞን በብዛት ያመነጫል። ይኸው ሆርሞን ምጡን ያስነሣል፤ የጥጃውንም ሳንባ ለአየር ያዘጋጃል። እትብቱ ሲበጠስ አየር ያጥረዋል፤ ይህ እጥረት፣ የውጭው ብርድና የእናቱ ምላስ ተደርበው የመጀመሪያውን ትንፋሽ ያስቡታል። እንግዲህ ጭንቀት ሁሉ ክፉ አይደለም። ክፉው እኛ የምንጨምርበት ነው።

ላም ልትወልድ ስትል ከመንጋው ገለል ትላለች። ሰው ሲከብባት፣ ውሻ ሲጮኽባት ትደነግጣለች። ያን ጊዜ በደሟ ውስጥ አድሬናሊን ይበዛና ማህፀኗ እንዳይኮማተር ይይዘዋል፤ ምጧ ይቆማል። እኛ ደግሞ "ደከመች" ብለን እንጎትታለን! ድንጋጤው ከወለደች በኋላ ወተቷንም ያስይዛታል። አላቢዎች ላሚቱን በስሟ እየጠሩ፣ እያሻሹ የሚያልቡት በከንቱ አይደለም።

ምጡ ሲረዝም ጥጃው አየር ያጣል። ጤነኛ ጥጃ በ1 ሰዓት ገደማ ለመቆም ይታገላል፣ በ2 ሰዓት ውስጥ ጡት ይፈልጋል። በጭንቅ የወጣው ግን ራሱን ቀና ማድረግ ያቅተዋል፣ ገላው ይቀዘቅዛል፣ መጥባትም አይሻም።

ስለዚህ ላሚቱ የምታውቀው አንድ ሰው ብቻ ይቅር፤ እሱም ራቅ ብሎ ይጠብቅ። ትክክለኛው አወጣጥ ሁለት የፊት እግሮች፣ በላያቸውም አፍንጫ ነው። የሚታየው ጭራ ወይም አንድ እግር ብቻ ከሆነ፣ ወይም ሽርት ውኃው ከፈሰሰ 2 ሰዓት ካለፈ ረዳቱ ይጠራ። መጎተት ግድ ቢሆን እንኳ እሷ ስታምጥ ብቻ ነው።

ጥጃው ሲወጣ አፍና አፍንጫውን ጥረጉ፤ እግሮቹን አጥፋችሁ በደረቱ አስተኙት። በኋላ እግሩ የማንጠልጠል ልማድ አለን። ከአፉ የሚወርደው አብዛኛው ግን የሆዱ ፈሳሽ ነው፤ አንጀቱም ሳንባውን ተጭኖ ትንፋሹን ያጠብበታል። ገላውን በገለባ ማሸት፣ አፍንጫውን በሰበዝ መነካካት ይሻላል። ከዚያ ለእናቱ ተዉላት፣ ትላሰው።

አሁን ወደ እንገሩ ልምጣ፤ አንዳንዶቻችሁ ፈገግ ስትሉ አያለሁ። ጥጃ በማህፀን ሳለ በሽታ መከላከያ ከእናቱ ደም አያገኝም፤ የሚያገኘው ከእንገሩ ነው። አንጀቱ ይህን በደንብ የሚቀበለው በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ሲሆን፣ 24 ሰዓት ሲሞላ መቀበሉን ያቆማል። በጭንቅ የተወለደ ጥጃ ተነሥቶ ስለማይጠባ ታልቦ በጡጦ ይሰጠው፤ 25 ኪሎ ለሚሆን ጥጃ በመጀመሪያዎቹ 6 ሰዓታት 2 ሊትር ያህል ያስፈልጋል። የሚተርፈው ለእኛ ነው፤ እሱም ይፈላ። የዚያች ጊደር ጥጃ አንድ ጊዜ እንኳ አልጠባም። እንገሩን አፍልተን የበላነው እኛው ነበርን፤ ለእኔም በሣህን ደርሶኛል።

የእንግዴ ልጁ ብዙ ጊዜ በ12 ሰዓት ውስጥ ራሱ ይወጣል፤ አትጎትቱት። በባዶ እጅም አትንኩት፣ ላስቲክ አጥልቁ፤ የውርጃ በሽታ ወደ ሰው የሚተላለፍበት አንዱ መንገድ ይኸው ነውና። ከዚያ ውሻ በማይደርስበት ጥልቀት ይቀበር።

እዚህ ከተቀመጣችሁት መካከል በዚህ ወር የምትወልድ ላም ያላችሁ ስንት ናችሁ? እስቲ እጃችሁን አሳዩኝ፤ ረዳቱን አስቀድመን እንድንነግረው ስማችሁን ልጻፍ።